ቅልቡ ሕዋስ

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ካህኑ በሰው ቆዳ ላይ የወጣውን ምልክት እየመረመረ፣ ጠጕሩ መንጣቱንና ቍስሉ ከቆዳው ጠልቆ መታየቱን እየተመለከተ፣ ሰውየው ንጹሕ ነው ወይም ርኩስ ነው ብሎ እንዲፈርድ ታዝዞ ነበር። ዕብራይስጡ ጻራዓት ያለውን ይህን ምልክት ሰብዓ ሊቃናት ወደ ጽርእ ቋንቋ ሲመልሱት ሌፕራ አሉት፤ ሌፕራ ደግሞ በጥንት ጽርአውያን ሐኪሞች አነጋገር ቅርፊት የሚያነሣ ቆዳን ሁሉ የሚያመለክት ቃል እንጂ ዛሬ ሥጋ ደዌ የምንለውን አንድ ሕመም ብቻ ለይቶ የሚጠራ አልነበረም። በእኛም መጻሕፍት ለምጽ ተብሎ የተተረጐመው ይኸው ቃል ነው፤ ነገር ግን የአገራችን ሰው ዛሬ ለምጽ ሲል ቆዳ ቀለሙን አጥቶ የሚነጣበትን ሌላ ሕመም ማለቱ ስለሆነ፣ አንዱ ቃል ብዙ ደዌዎችን በአንድ ድንኳን አሳድሮ ኖሯል ማለት ይቻላል። በዚያ ድንኳን ውስጥ ስሙ ሳይታወቅ ከኖሩት አንዱ ዛሬ ሐኪሞች ሶሪያሲስ የሚሉት ነው፤ ይኸውም በክርንና በጕልበት፣ በራስ ቅልና በወገብ ላይ ቀልቶ የሚወጣ፣ ብርማ ቅርፊት የሚሸፍነው፣ ከሰው ወደ ሰው ፈጽሞ የማይተላለፍ ሕመም ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ከሥጋ ደዌ ሕሙማን ጋራ ከከተማ ውጭ እንዲኖሩ ከተፈረደባቸው ሰዎች መካከል በሶሪያሲስ የታመሙ እንደነበሩበት የታሪክ ሊቃውንት ይገምታሉ፤ ይህን ግምት ለመቀበል አይከብደኝም፣ በዚያ ዘመን ሐኪሙም ቢሆን ካህኑ ከያዘው ከዓይኑ የበለጠ መሣሪያ አልነበረውምና።

የዚህን ድንኳን የመጀመሪያ ካስማ የነቀለው በለንደን ድሆች በነጻ በሚታከሙበት ቤት ያገለግል የነበረው ሮበርት ዊላን ነው። (ከዚህ ጀምሮ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዊላን ከ1798 ጀምሮ በየክፍሉ ሲያወጣው ቆይቶ በ1808 ባሳተመው የቆዳ ሕመሞች መጽሐፉ፣ የዕፅዋት ሊቃውንት ቅጠልን ከቅጠል እንደሚለዩ ሁሉ፣ የቆዳን ምልክቶች በዘር በዘራቸው አሰለፋቸው፤ ሆኖም የሌፕራን ስም ጨርሶ መጣል ስላልሆነለት አንዱን ሕመም በሁለት ስም ከፍሎ ተወው። ሌፕራ የሚለውን ቃል ከዚህ ሕመም ላይ ቆርጦ ያነሣው በ1841 የቪየናው ፈርዲናንድ ሄብራ ነው፤ ስለዚህም ሶሪያሲስ ለብቻው የሚጠራበትን ስም ካገኘ ገና ሁለት መቶ ዓመት እንኳ አልሞላውም።

ለዚህ ትረካ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሃይንሪኽ ኮብነር የተባለ ሐኪም በ1872 በብሬስላው ከተማ በሊቃውንት ጉባኤ ፊት የተናገረው ነገር ነው። አንድ ሕመምተኛ ነበረው፤ ቆዳው በተፋቀበት፣ ፈረስ በነከሰው፣ በተነቀሰበትም ቦታ ሁሉ ሶሪያሲሱ ጥርስና መርፌ ያለፉበትን መንገድ እየተከተለ፣ መልካቸውንም እየቀዳ ይወጣበት ነበር። ኮብነር ምልክቱን በስሙ አስጠርቶ አለፈ፤ ምልክቱ ግን አንድ ጥያቄ አስቀርቷል፤ ቆዳ ሲቆስል ነገሩን ከሁሉ በፊት የሚያውቀው፣ አውቆም ለሌላው የሚያሰማው በቆዳ ውስጥ ማን ነው?

በዚያው በብሬስላው የተማረ ፓውል ኤርሊኽ የሚባል ወጣት በነዚያው ዓመታት፣ ስለ ሶሪያሲስ አንዳች ሳያስብ፣ የመልሱን ግማሽ በመስታወት ላይ ዘርግቶ ይመለከት ነበር። የእንግሊዙ ዊሊያም ፐርኪን በ1856 ከድንጋይ ከሰል ዝፍት ሐምራዊ ቀለም ካወጣ ወዲህ፣ የጀርመን ፋብሪካዎች የአኒሊን ቀለሞችን ለሐርና ለጥጥ ማቅለሚያ በብዛት ይሠሩ ነበርና፣ የኤርሊኽ ዘመድ ካርል ቫይገርት እነዚህኑ የሸማኔ ቀለሞች በሰውነት ሥጋ ላይ ፈትኖ ዘመዱንም ያንኑ ፍቅር አስያዘው። ኤርሊኽ ከሕክምና ትምህርቱ ይልቅ በቀለም መጫወቱን የሚወድ ተማሪ ነበር ይባላል፤ ይህን ጨዋታውንም በ1878፣ ገና 24 ዓመቱ ሳለ፣ ለላይፕሲኽ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ድርሳን አድርጎ አቀረበው። በዚያ ድርሳን ውስጥ በደም ሥሮች ዙሪያ ተቀምጠው ስለሚገኙ ሕዋሳት ጻፈ፤ ሆዳቸው እስኪወጠር በጥቃቅን ፍሬዎች የተሞሉ ናቸው፤ ፍሬዎቹም በቀለም ሲነከሩ የቀለሙን መልክ አይቀበሉም፤ ለምሳሌ ሰማያዊ ሲያጠጧቸው ወይን ጠጅ ሆነው ይወጣሉ። ሌሎች ሰዎች ከእሱ በፊት እነዚህን ሕዋሳት ሳያዩ አልቀሩም፤ ፍሪድሪኽ ፎን ሬክሊንግሃውዘን በ1863 ከእንቁራሪት ሥጋ ውስጥ ፍሬ ያላቸውን ሕዋሳት አይቶ ጽፎ ነበር። ስም የሰጣቸው ግን ኤርሊኽ ነው።

የሰጣቸው ስም ማስት ሕዋስ የሚል ነው። ጀርመኖች ዝይን ወይም እሪያን ለማስባት አስረው ሲቀልቡ ማስት ይላሉ፤ ስለዚህ ስሙ በአማርኛ ሲፈታ ቅልብ ሕዋስ ማለት ይሆናል። ኤርሊኽ እንዲህ ያለበት ምክንያት ነበረው፤ ሕዋሳቱን ምግብ በሚበዛበት፣ ደም በሚፈስበት፣ ሥጋ በሚቆጣበትና እባጭ ባለበት ስፍራ አብልጠው ሲገኙ ስላየ፣ ፍሬዎቹ የበሉት ነገር መስለውት፣ የተረፈውን ምግብ እየጎረሱ የሚሰቡ ናቸው ብሎ አሰበ። መምህራኖቻችን አንዱን ቃል ተርጕመው ሲያበቁ አንድም ብለው ሌላ ትርጓሜ እንደሚጨምሩበት ሁሉ፣ ይህም ስም ከዚያ ወዲህ ብዙ አንድምታ ተጨምሮበታል፤ የመጀመሪያውን ትርጓሜ ግን የኋላ ሰዎች እንደ ወጣት ስሕተት ቈጥረው ለረጅም ጊዜ ጣሉት። ኤርሊኽ ራሱ ወደ ሌላ ሥራ ሄደ፤ በ1908 ከኢሊያ ሜችኒኮፍ ጋራ የኖቤልን ሽልማት ሲቀበል የተመሰገነው ስለ ሰውነት መከላከያ ባደረገው ምርምር እንጂ ስለ ቅልቦቹ አልነበረም።

የሃምቡርጉ የቆዳ ሐኪም ፓውል ኡና በ1887፣ በአንድ ሌላ የቆዳ ሕመም ላይ፣ ሲታሹ የሚያብጡትን ቡናማ ነቍጦች ቈርጦ ቢመረምር በማስት ሕዋሳት ተሞልተው አገኛቸው። እነሆ የታሸ ቆዳና ያበጠ ቆዳ፣ በመካከላቸውም ይህ ሕዋስ፤ ይሁን እንጂ ይህን ከኮብነር ምልክት ጋራ አስተያይቶ የጠየቀ ሰው በዚያን ጊዜ አልተገኘም። ለመጠየቅም የሕዋሱን ሆድ ከፍቶ ማየት ያስፈልግ ነበር።

ሆዱ የተከፈተው በሁለት ጊዜ ነው። አስቀድሞ በ1937 በስቶክሆልም ሆልምግሬንና ቪላንደር የተባሉ ሊቃውንት ደምን ከመርጋት የሚከለክለው ሄፓሪን በእነዚህ ሕዋሳት ፍሬ ውስጥ እንደሚከማች አሳዩ። ሁለተኛው ግን ነገሩን ሁሉ ለወጠው። ሄንሪ ዴልና ፓትሪክ ሌድሎ በ1910 ሂስታሚን የሚባለው ንጥረ ነገር በእንስሳት አካል የሚሠራውን ሥራ ከጻፉ በኋላ፣ በለንደን ቶማስ ሉዊስ በ1920ዎቹ ቆዳን በእንጨት ጫፍ እየጫረ፣ በመጀመሪያ መሥመሩ እንደሚቀላ፣ ቀጥሎ ቅላቱ ወደ ዳር እንደሚንሰራፋ፣ በመጨረሻም ቆዳው እንደሚነፋ በትዕግሥት መዘገበ፤ የተጎዳው ቆዳ ሂስታሚንን የመሰለ ነገር ይለቃል ብሎም ደመደመ። ያ ነገር ከየት እንደሚለቀቅ ግን አልታወቀም ነበር። በስኮትላንድ በደንዲ ከተማ፣ ሙያው ነቀርሳን በጨረር ማከም የነበረው ጄምስ ራይሊ ከመድኃኒት ሊቁ ከጄፍሪ ዌስት ጋራ ተባብሮ፣ የአይጦችን ሥጋ ከየአካላቸው እየመዘነ፣ ማስት ሕዋስ በበዛበት ሂስታሚን እንደሚበዛ፣ ባነሰበትም እንደሚያንስ፣ ሂስታሚንን የሚያስለቅቅ መድኃኒት ሲሰጥም የሕዋሱ ፍሬዎች እንደሚፈርሱ አይቶ በ1953 አሳተመው። ሰባት አሥርት ዓመት የበላው ምግብ የመሰለው እንግዲህ ያከማቸው መሣሪያ ሆኖ ተገኘ፤ ቅልብ የተባለውም ሕዋስ ጎተራ ሆነ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ክብር በአንድ በኩል ጎድቶታል እላለሁ። ኪሚሺጌና ቴሩኮ ኢሺዛካ የሚባሉ ጃፓናውያን ባልና ሚስት በ1966 በአሜሪካ፣ ቤኒኽና ዮሃንሶን ደግሞ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በስዊድን፣ አለርጂ የሚያመጣውን ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ የሚባለውን የደም ፕሮቲን ለይተው አወጡ፤ ይህ ፕሮቲን በማስት ሕዋስ ላይ ተቀምጦ፣ የሚቃወመው ነገር ሲመጣበት ጎተራውን እንደሚያስከፍት ታወቀ። ሕዋሱም ከዚያ ወዲያ የአለርጂ ሕዋስ ተባለ፤ በማስነጠስ፣ በአስምና በሽፍታ ምዕራፍ ውስጥ ብቻ ሲነገርለት ኖሮ፣ ሶሪያሲስን የሚያጠኑ ሰዎች የእነርሱ ጉዳይ መስሎ አልታያቸውም።

እነርሱም በበኩላቸው ሌላ መንገድ ይዘው ነበር። በ1951 በኒው ዮርክ ሪቻርድ ገብነርና ባልደረቦቹ የሕዋስን መባዛት የሚገታ አሚኖፕቴሪን የተባለ መድኃኒት ለመገጣጠሚያ ሕመምተኞች ሲሰጡ፣ ሳያስቡት የሶሪያሲስ ቅርፊት ሲጠፋ አዩ፤ ዩጂን ቫን ስኮትም በ1963 በሶሪያሲስ ቆዳ ውስጥ የሕዋስ መባዛት እጅግ የፈጠነ መሆኑን አሳየ። በጤናማ ሰው አንድ ወር ያህል የሚወስደው የላይኛው ቆዳ መታደስ በዚህ ሕመም በጥቂት ቀናት እንደሚፈጸም በመታወቁ፣ ሶሪያሲስ የቆዳው የራሱ የዕድገት መታወክ ነው የሚለው አሳብ በትምህርት ቤቱ ሁሉ ነገሠ። ይህን አሳብ የሻረው በ1979 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አጭር ደብዳቤ ነው፤ ሙለርና ሄርማን የተባሉ ሐኪሞች የሰውነትን መከላከያ ኃይል የሚያዳክመውን ሳይክሎስፖሪንን ለመገጣጠሚያ ሕመም ቢሰጡ የሕሙማኑ ሶሪያሲስ መጥራቱን ጻፉ። መድኃኒቱ የሚታወቀው ቲ ሕዋስ የሚባሉትን የደም ወታደሮች በመግታት ስለነበር፣ ጥፋቱ ሁሉ በቲ ሕዋስ ላይ ተጣለ። በኋላ እንደ ታወቀው ይኸው ሳይክሎስፖሪን ማስት ሕዋስም ያከማቸውን እንዳይለቅ ይከለክላል፤ በአንድ ዱላ ሁለት ሰው ተመትቶ የአንዱ ጩኸት ብቻ የተሰማ ይመስላል።

የሁለተኛውን ጩኸት መጀመሪያ የሰሙት ነገሩን ከመነሻው ለማየት የተነሡ ሰዎች ናቸው። የበሰለና የቈየ የሶሪያሲስ ቍስል ሁሉም ሠራዊት ገብቶ የተዋጋበት ሜዳ ስለሆነ፣ ጦርነቱን ማን እንደጀመረው ከእርሱ ለማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ስዊድናዊው ኢሰር ብሮዲ ድንገት እንደ ጠብታ የሚወጣውን የሶሪያሲስ ዓይነት መርጦ፣ ነጠብጣቡ ገና ሲፈልቅ ቆዳውን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መረመረ፤ በ1984 ባሳተመውም ጽሑፍ የማስት ሕዋሳት ፍሬ መፍረሱን ከሕመሙ አጀማመር ጋራ አያይዞ አቀረበ። በፖላንድ ቶሩንዮቫና ስቴፋኒያ ያብሎንስካ በ1988 የማስት ሕዋሳትን ነገር እንዲሁ በሶሪያሲስ የመጀመሪያ ደረጃ መርምረው ጻፉ። እነዚህ ጽሑፎች ብዙ ጫጫታ አላስነሡም፤ ከኮብነር ጥያቄ በኋላ ግን ከመቶ ዓመት የበለጠ ቈይቶ፣ ቆዳ ሲነካ ቀድሞ የሚነቃው ማን እንደሆነ በዓይን ታይቶ የተጻፈባቸው በመሆናቸው እኔ ከብዙ ታላላቅ መጻሕፍት አብልጬ እመለከታቸዋለሁ።

በፊንላንድ በኩኦፒዮ ከተማ ኢልካ ሃርቪማና ጓደኞቹ ሥራውን ለብዙ ዓመታት ቀጠሉበት። ማስት ሕዋስ በፍሬው ውስጥ ትሪፕቴዝና ካይሜዝ የሚባሉ ሁለት ሥጋ ቈራጭ ኢንዛይሞችን ይይዛል፤ ሃርቪማ በሶሪያሲስ ቆዳ ላይ ትሪፕቴዙ ሥራውን ሲሠራ፣ ካይሜዙ ግን በተቃዋሚ ፕሮቲኖች ታስሮ ኃይሉን እንደሚያጣ አገኘ። ካይሜዝ ብግነት የሚያነሣሡ ነገሮችን ቈርጦ የማብረድ ችሎታ እንዳለው ሲታሰብ፣ እሳት የሚያነድደው እጅ ተፈትቶ የሚያጠፋው እጅ ታስሯል ማለት ነው። በ1999 ደግሞ አከርማንና ሃርቪማ እነዚሁ ሕዋሳት ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባለውን፣ እስከዚያ ጊዜ በተለይ ለቲ ሕዋስ ተሰጥቶ የነበረውን የብግነት መልእክት፣ ይዘው እንደሚገኙ ጻፉ።

በዚህ መካከል ሌላ መንገድ ከካሊፎርኒያ ይመጣ ነበር። የስታንፎርዱ ዩጂን ፋርበር ብዙ የሶሪያሲስ ሕሙማንን ሲያይ ኖሮ ሁለት ነገር ዘወትር ይገርመው ነበር፤ አንደኛው ሕመሙ ኀዘንና ጭንቀት ባየለ ጊዜ መነሣቱ፣ ሁለተኛውም የቀኝ ጕልበት ሲታመም የግራውም አብሮ መታመሙ ነው። ይህም ሚዛን በቀኝና በግራ እኩል የሚዘረጋውን ነርቭ እንዲጠረጥር አደረገው። ነርቭ ተቈርጦ ስሜት በጠፋበት ቦታ ሶሪያሲሱ ሲጠፋ የታየበት ጊዜም ነበር። ፋርበር በ1986 ባሳተመው ጽሑፍ የነርቭ ጫፎች ሰብስታንስ ፒ የሚባለውን ንጥረ ነገር በቆዳ ውስጥ እየለቀቁ ብግነቱን ያስነሡታል አለ። ይህ ንጥረ ነገር በ1931 በፎን ኦይለርና በጋደም በለንደን የተገኘ ነው፤ የፊንላንዱ ቡድንም በሶሪያሲስ ቆዳ ውስጥ ነርቭና ማስት ሕዋስ ጎን ለጎን ተጠጋግተው መገኘታቸው እንደሚበዛ አሳይቷል። ቀርቶ የነበረው ማስት ሕዋስ የነርቩን ድምፅ በየትኛው ጆሮ እንደሚሰማ ነበር። በ2015 በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ቤንጃሚን ማክኒልና ሺንጆንግ ዶንግ ከጓደኞቻቸው ጋራ፣ ማስት ሕዋስ ያለ ምንም ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ ፍሬውን እንዲያፈስ የሚያደርገውን ተቀባይ በመዳፊቶች ላይ አረጋግጠው አሳዩ፤ በሰው ዘንድ ያለው አቻው ሰብስታንስ ፒን የሚሰማ ጆሮ መሆኑ አስቀድሞ ታውቆ ነበር። የአለርጂ ሕዋስ የሚለው ጠባብ ስም በዚህ ፈረሰ። ሐኪሙ ጭንቀት ሕመምህን ያስነሣዋል ሲለው ሰበብ የፈጠረለት የሚመስለው ሕመምተኛ ይህን ቢሰማ ደስ ይለው ይሆናል።

የመድኃኒቱ ነገር ደግሞ በሌላ በር ገባ። ጎርደንና ስቴፈን ጋሊ በ1990 ማስት ሕዋስ ቲ.ኤን.ኤፍ. የሚባለውን ኃይለኛ የብግነት ንጥረ ነገር አስቀድሞ ሠርቶ በጎተራው እንደሚያስቀምጥ አሳዩ፤ ሌላው ሕዋስ ትእዛዝ ሲመጣለት መሥራት ሲጀምር፣ እርሱ ግን በደቂቃ ውስጥ የተዘጋጀውን ያፈስሳል ማለት ነው። ይህንኑ ንጥረ ነገር የሚያስረው ኢንፍሊክሲማብ በ2001 ለሶሪያሲስ ተሞክሮ ቆዳን አጠራ። ያ ማለት ግን ቲ.ኤን.ኤፍ. ሁሉ ከማስት ሕዋስ ይወጣል ማለት አይደለም፤ ሌሎችም ብዙ ሕዋሳት ይሠሩታልና። ሂስታሚንን የሚከላከሉትም ተራ መድኃኒቶች ሶሪያሲስን አለማዳናቸው ሊዘነጋ አይገባም፤ ጎተራው ሰፊ ሲሆን ሂስታሚን ከእህሉ አንዱ ቍና ብቻ ነበር።

በ2000ዎቹ ዓመታት የሶሪያሲስ ዋና ነዳጅ ኢንተርሊውኪን 17 የሚባል የብግነት ፕሮቲን መሆኑ እየተረጋገጠ ሲመጣ፣ ይህም ነዳጅ ቲ ኤች 17 በሚባሉ የቲ ሕዋስ ወገኖች እንደሚሠራ ሲነገር፣ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አንድሩ ሊን፣ ማሪያና ካፕላንና ጓደኞቻቸው ከሕሙማን በተወሰደ ቆዳ ውስጥ ነዳጁን የያዙትን ሕዋሳት ቈጠሩ። በ2011 የታተመው ቍጥራቸው ያልተጠበቀ ነበር፤ በቍስሉ ውስጥ ኢንተርሊውኪን 17 ይዘው የተገኙት ቲ ሕዋሳት ጥቂቶች ሲሆኑ፣ የሚበዙት ማስት ሕዋሳትና ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ሆኑ። ሕዋሳቱም ነዳጁን የሚለቁት የራሳቸውን የዘር ክር እንደ መረብ ወደ ውጭ እየወረወሩ ነበር። ወዲያው ክርክር ተነሣ፤ በማስት ሕዋስ ውስጥ ፕሮቲኑ ይታያል፣ ነገር ግን ሕዋሱ ራሱ ለመሥራቱ ማስረጃው ደካማ ነው ያሉ ብዙዎች ነበሩ። ክርክሩ ሳያልቅ በጃንዋሪ 2015 ኢንተርሊውኪን 17ን የሚያስረው ሴኩኪኑማብ በአሜሪካ ለሶሪያሲስ ተፈቀደ፤ የብዙ ሰውም ቆዳ ጠራ፤ መድኃኒቱ ነዳጁን ሲያስር ከየትኛው ጎተራ እንደወጣ አይጠይቅምና።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2016፣ በአምስተርዳም ኖርደንቦስና ሌሎች ተመራማሪዎች ክርክሩን በቀላል ፈተና አቀረቡት። የሰው ማስት ሕዋሳትን በሳሕን አኑረው፣ ከውጭ ያመጡትን ኢንተርሊውኪን 17 በላያቸው ጨመሩ። ሕዋሳቱ ፕሮቲኑን በተቀባዮቻቸው ያዙት፣ ወደ ውስጥ ዋጡት፣ በፍሬዎቻቸው ውስጥም አስቀመጡት፤ ሲነሣሡ ደግሞ ሳይፈጩትና ሳያበላሹት፣ ኃይሉ እንዳለ መልሰው አወጡት። በማስት ሕዋስ ሆድ የታየው ነዳጅ ቢያንስ በከፊል ሌሎች ሕዋሳት ዘርተው ያጨዱት፣ በእርሱ ዘንድ በአደራ የተቀመጠ እህል ነበር ማለት ነው። ምን ያህሉ አደራ፣ ምን ያህሉ የራሱ ምርት እንደሆነ የሚደረገው ምርመራ ገና ቀጥሏል፤ ኤርሊኽ ግን ከዚህ ፈተና 138 ዓመት አስቀድሞ፣ በላይፕሲኽ፣ ይህ ሕዋስ በዙሪያው ያገኘውን እየጎረሰ ሆዱን ይሞላል ብሎ ጽፎ ነበር።